ለፖከር ትምህርት የከፈልኩት 1,800 ዶላር

መጀመሪያ ዋጋውን ልናገር። ለስድስት ወር 1,800 ዶላር ነው። በሦስት ጊዜ፣ 600 600 እየተደረገ ይከፈላል። በዚህ ገንዘብ የሚገኘው 64 ቪዲዮ፣ እሑድ ማታ በዙም የሚሰጥ የቡድን ትምህርት፣ በወር አንድ ሰዓት ከአሠልጣኙ ጋር ለብቻ መነጋገር፣ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ኤክሴል እና የተማሪዎች መወያያ ግሩፕ ነው። ማስታወቂያው "ፖከርን ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ ወደ ሙሉ ሰዓት ሥራ እናሸጋግርዎ" ይላል። እኔም ያንን ፈልጌ ነው የገባሁት።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። እንዲህ ዓይነት ትምህርት የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ አሠራራቸውም ይመሳሰላል። ዘንድሮ ብቻ ከእኛው ሰዎች ሦስቱ ደውለው "ልግባበት ወይ?" ብለውኛል። በስልክ የነገርኳቸውን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ላስ ቬጋስ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። ሰባቱን ዓመት የሠራሁት ፖከር ክፍል ውስጥ ካርታ አዳይ ሆኜ ነው። እዚህ ከተማ የሚኖር ሀበሻ ሥራውን ያውቀዋል። ታክሲና ሊሞ የሚነዳው ይነዳል፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ካዚኖ ውስጥ ነን። ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈር በጠዋት ቡና ልትጠጡ ብትገቡ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ፍርፍር ያዘዘ ሰው አታጡም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት አድልና ወደሚቀጥለው እዛወራለሁ። ካርታ እበውዛለሁ፣ አድላለሁ፣ የተወራረዱበትን ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን) እሰበስባለሁ። የቤቱን፣ ማለትም የካዚኖውን፣ ድርሻ ቆርጬ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ፣ የቀረውን ወደ አሸናፊው እገፋለሁ። አሸናፊው ብዙውን ጊዜ 1 ዶላር ጉርሻ ይሰጣል። ኔቫዳ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12 ዶላር ነው፤ ጉርሻ አለሽ ተብሎም አይቀነስም። እኔ ጉርሻውን ደምሬ በሰዓት በአማካይ 27 ዶላር አገኝ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

በምሠራበት ቤት ሠራተኛ መጫወት አይፈቀድለትም። ስለዚህ የዕረፍት ቀኔን ሌላ ቤት እየሄድኩ እጫወታለሁ። የምቀመጠው 1/3 የሚባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግድ ከሚያስገቡት ገንዘብ (ብላይንድ ይባላል) ትንሹ 1 ዶላር፣ ትልቁ 3 ዶላር ነው፤ እኔ 300 ዶላር ይዤ እቀመጣለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ተጫወትኩ። ያገኘሁበትን ቀን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ የተበላሁበትን ቀን ግን አንዳንዴ እረሳለሁ። እንደዚያም ሆኖ አትራፊ ነኝ ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛው መሀል ሆኜ ሰው ሲጫወት አይቻለሁ፤ ከእነዚህ ሁሉ የማንሰው በምን ነው አልኩ።

ከዚያ ዕቁብ ወጣልኝ። ጃንዋሪ 2025 ነበር። 20 ሰው ነን፣ በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር እንጥላለን። በአራተኛው ዙር ዕጣው የእኔ ሆነና 10,000 ዶላር ተቆጥሮ ተሰጠኝ። የዕቁቡ ዳኛ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። "በሥራ ላይ አውይው፣ ልጄ" አሉኝ። እኔም የማውለው ሥራ ላይ ነው ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ለትምህርቱ ተመዘገብኩ።

ለእናቴ አዲስ አበባ ደውዬ ነገርኳት። ደብቄያት አላውቅም፣ አሁንም አልፈለግኩም።

"ካርታ ማደሉን ተይው፣ እሱ እንጀራ ነው ብዬ ለምጄዋለሁ" አለች። "አሁን ደግሞ አንቺው ልትቆምሪ ነው?"

"እማዬ፣ ፖከር ከቤቱ ጋር አይደለም የምንጫወተው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ነን። ችሎታ ያለው በረጅም ጊዜ ያተርፋል።"

ዝም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "የምትጫወቺበት ገንዘብ የማነው?"

የእኔ ነው አልኳት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። ሦስተኛው ቪዲዮ ስለ መጫወቻ ካፒታል ነው። ሙሉ ሰዓት ለመጫወት ቢያንስ 30 ጊዜ የሚያስቀምጥ ገንዘብ ይኑራችሁ ይላል። ለእኔ ጠረጴዛ 9,000 ዶላር መሆኑ ነው። ከዚያ ሌላ የስድስት ወር የቤት ወጪ ለብቻ ይቀመጥ ይላል። እኔ 10,000 አለኝ። የቤት ወጪውን ደግሞ ከባለቤቴ ጋር እንሸፍነዋለን ብዬ አሰብኩ። ኤክሴሉ ላይ "ካፒታል" በሚለው ሳጥን ውስጥ 10,000 ብዬ ጻፍኩ።

ፌብሩዋሪ ውስጥ የመጀመሪያዋን የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ከአሠልጣኙ ጋር አደረግን። ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ጨዋታ የኖረ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ኤክሴሉን ከፍቶ አየና ስለ ካርታ ምንም ሳያነሳ "ይህ 10,000 ከየት መጣ?" አለኝ። ዕቁብ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ሰምቶት አያውቅም። ሦስት አራት ጊዜ መልሶ መላልሶ ጠየቀኝ። ከዚያ "አሁን ዕቁቡን ብታቆሚ ከዚህ ውስጥ ስንቱ ያንቺ ነው?" አለ።

አስቡት። አራት ዙር ነው የጣልኩት፣ 2,000 ዶላር። 16 ዙር ይቀረኛል። 16 ጊዜ 500፣ 8,000 ዶላር። እጄ ላይ ያለው የ16 ሰው ገንዘብ ነበር።

"ያለሽ 2,000 ነው። የቀረው ያለ ወለድ የተሰጠሽ ብድር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ይጠየቃል" አለኝ። እዚያው ኤክሴሉ ላይ አዲስ መስመር ጨመረና "ዕዳ" ብሎ ጻፈበት። ለካ እናቴ ከአዲስ አበባ የጠየቀችኝም ይህንኑ ነበር።

ለትምህርቱ የምሰጠው ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። 64ቱ ቪዲዮዎች ውስጥ ስለ ዕዳ አንድም ቃል የለም። ኤክሴሉም ሲሰጠኝ ያ መስመር አልነበረውም። ያወጣው ሰውየው ነው፣ በጥያቄ። ሀበሻ የሆናችሁና በዕቁብ ገንዘብ ፖከርም ይሁን ሌላ ሥራ ልትጀምሩ የምታስቡ፣ ቀድሞ የወጣ ዕቁብ ብድር ነው። ዘግይቶ የወጣ ዕቁብ ቁጠባ ነው። በሁለቱ መሀል ለተጫዋች የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። ዕቁብ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ፈርታችሁ ነው የምትጫወቱት። ፈርቶ የሚጫወት ደግሞ ጥሩ ካርታ ይዞ ይሸሻል፣ በማይረባ ካርታ ላይ ይሞታል።

ሥራዬን ሙሉ በሙሉ እንዳልለቅም የመከረኝ እሱ ነው። አለቃዬን ለምኜ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ወረድኩ። ዕቁቡን ከደሞዝ መክፈል ቀጠልኩ። በቀሩት ቀናት ተጫወትኩ።

ሁለተኛዋ ሰዓትም የማትረሳ ናት። ከዚያ በፊት የተጫወትኩትን አንድ ጨዋታ ጽፌ ላኩለት። ኤስና ኪንግ ይዣለሁ፤ ፊቴ ያለው 450 ዶላር ነው። 15 አልኩ፣ ሁለት ሰዎች ተከተሉ። ፍሎፑ ላይ፣ ማለትም ለሁሉም በጋራ ከሚገለጡት ካርታዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት፣ ኪንግ፣ 8 እና 5 ወጣ። 30 አስገባሁ። አንደኛው ጣለ፤ ጠረጴዛው ላይ በየቀኑ የማይጠፉ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ተከተሉኝ። ቀጥሎ 2 ወጣ፣ 70 አስገባሁ፣ ተከተሉ። በመጨረሻ ጃክ ወጣ፣ 120 አስገባሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ያላቸውን ሁሉ ገፉ። ለእኔ 215 ዶላር ተጨማሪ ነው። ትንሽ አሰብኩና ከፈልኩ። ሦስት ስምንት ነበራቸው፤ ከፍሎፑ ጀምሮ። የእኔን ሁለት ኪንግ ያሸንፋል።

አሠልጣኙ ስለ መቶኛ ምንም አላወራኝም። "እስቲ ያን ጊዜ ካርታ የምታድይው አንቺ ነሽ እንበል። ሽማግሌው ሁሉንም ሲገፉ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

ሳላስብ መለስኩለት። "ሦስት ስምንት ወይም ሦስት አምስት አላቸው እላለሁ።"

ሰባት ዓመት ያየሁት ነገር ነው። በ1/3 ጠረጴዛ ላይ ዝምተኛ ሰው መጨረሻ ላይ ሁሉን ሲገፋ በባዶ እጁ እንደማይሆን በሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ቺፑን የምገፋላቸው እኔው ነበርኩ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ኪንጌን አየሁ እንጂ ሰውየውን አላየሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ከባድ ውሳኔ ሲገጥመኝ "አዳይዋ እኔ ብሆንስ?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከትምህርቱ ሁሉ በገንዘብ የሚተመን ነገር ይህች ጥያቄ ናት። አሠልጣኙ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደምሠራ ስላወቀ ነው የጠየቀኝ። በቪዲዮ የምትገኝ አይደለችም።

ስለ ቪዲዮዎቹ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ጥራታቸው ጥሩ ነው፣ ድምፁም ይሰማል፣ ሰውየውም ማስረዳት ያውቅበታል። ግን ግማሽ የሚሆኑት የተሠሩት ኢንተርኔት ላይ ስድስት ሆነው ለሚጫወቱ ሰዎች ነው። አጨዋወትን የሚያሰላው፣ ሶልቨር የሚባለው ፕሮግራም የሚያወጣውን መልስ ያስጠናሉ። በዚህ ካርታ ከአራት ጊዜ አንዴ ብለፍ አድርጉ (ደካማ ካርታ ይዛችሁ ጠንካራ እንዳላችሁ አስመስሉ)፣ በዚያኛው ደግሞ ከሦስት አንዴ፣ ይላሉ። ይህ እንዳይታለሉ ለሚጠነቀቁ፣ ለሚያስቡ ተጋጣሚዎች ይሠራል። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ሰው ነው የሚቀመጠው። አምስቱ ለዕረፍት የመጡ ናቸው። ቢራቸውን ይዘው፣ ያገኙትን ካርታ ሁሉ ይዘው ይከተላሉ። ለማይጥል ሰው ብለፍ ማድረግ ገንዘብን መንገድ ላይ መበተን ነው። ይህን የሚናገር ቪዲዮ 41ኛው ላይ ነው የተገኘው። መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

ከሁሉ የከፋኝ ግን ስለ ቤቱ ድርሻ ያለው ነገር ነው። ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠው። እኔ ደግሞ ገንዘቡን በእጄ ሳጥን ውስጥ የምከት ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ። እኔ በማድልበት ጠረጴዛ ከአንድ ትልቅ ጨዋታ እስከ 7 ዶላር ይቆረጣል፤ 5ቱ የቤቱ ነው፣ 2ቱ ለሽልማት ፕሮግራም ይሄዳል። በሰዓት 30 ያህል ጨዋታ አድላለሁ። ሁሉም ትልቅ ስላልሆነ አማካዩን 4 ዶላር ብናደርገው፣ በሰዓት 120 ዶላር ከጠረጴዛው ይወጣል። ለዘጠኝ ስታካፍሉት በአንድ ወንበር 13 ዶላር ያህል ነው። ጉርሻው ሌላ ነው። በትንሽ ጠረጴዛ ላይ በሰዓት 10 ዶላር የሚያተርፍ ሰው ከሌሎቹ ተጫዋቾች የወሰደው 10 ብቻ አይደለም ማለት ነው። የቤቱንም ድርሻ ጨምሮ ማሸነፍ አለበት። ማስታወቂያው ላይ ይህ ስሌት ቢኖር የሚመዘገበው ሰው በግማሽ ይቀንስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው። ክሪስ መኒሜከር አለበት። የቴነሲ ሰው፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ። በ2003 በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ፣ የዓለም ፖከር ውድድርን ዋናውን ጨዋታ አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ዛሬም ሲወራ ደስ ይለኛል። ያን ዓመት የተወዳደረው 839 ሰው ነበር። በ2024 የተመዘገበው 10,112 ነው። መግቢያው 10,000 ዶላር ነው፤ ገንዘብ ይዞ የሚወጣው ከመቶ 15 ያህሉ ነው። ከዚህም በላይ እኔን ያስቸገረኝ፣ ትምህርቱ የሚያስተምረው የውድድር ጨዋታ አይደለም። በየቀኑ ተቀምጠው የሚነሱበትን የገንዘብ ጠረጴዛ ነው የሚያስተምረው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በአንዱ ታሪክ ሌላውን መሸጥ ልክ አይመስለኝም።

የተማሪዎቹን ግሩፕ በአጭሩ ልለፈው። 40 ያህል ሰው አለበት። ያገኘ ሰው የቺፑን ፎቶ ይለጥፋል። የተበላ ዝም ይላል። በማርች እኔም ዝም ካሉት ውስጥ ነበርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሳወቂያውን ዘጋሁት።

ስለ ታክስ የተሰጠው ምክር "የሒሳብ ባለሙያ አማክሩ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለ1,800 ዶላር ይህ አይበቃም። እኔ የታክስ ሰው ዘንድ ሄጄ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቁማርን የሙሉ ሰዓት ሥራ ማድረግ በሕግ ይታወቃል። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግሮትዚንገር በሚባል ሰው ጉዳይ ላይ ወስኗል። ሰውየው በውሻ ውድድር ላይ ይወራረድ ነበር፤ በሳምንት ከ60 እስከ 80 ሰዓት። ትርፍ ለማግኘት በቋሚነትና በትጋት የሚሠራ ከሆነ ንግድ ነው ተባለ። ስለዚህ ስኬጁል ሲ የሚባለውን የታክስ ቅጽ ሞልታችሁ እንደ ማንኛውም የራሱ ሥራ እንዳለው ሰው ትከፍላላችሁ። ከገቢ ታክሱ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ይጨመራል። ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ግማሹን አሠሪው ነበር የሚከፍልላችሁ። ኔቫዳ የስቴት ገቢ ታክስ የላትም፤ እሱ ለእኛ ጥሩ ነው።

በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን አክብዶታል። ከ2026 ጀምሮ ከተበላችሁት ላይ የሚቀነስላችሁ 90 በመቶው ብቻ ነው። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ባገኘባቸው ቀናት 80,000 አግኝቶ፣ በተበላባቸው ቀናት 80,000 ተበላ እንበል። ኪሱ ውስጥ ምንም የለም። የሚቀነስለት 72,000 ነው፤ በቀረው 8,000 ላይ ታክስ ይጠየቃል። ብዙ ሰዓት የሚጫወት ሰው ብዙ ያገኛል፣ ብዙም ይበላል፤ ስለዚህ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ የሙሉ ሰዓት ተጫዋቹ ነው። አሠልጣኙ ይህን በቡድን ትምህርት ላይ ሲጠየቅ መለሰ እንጂ ራሱ አላነሳውም።

ኢንሹራንስም አልተነሳም። የቤታችን የጤና ኢንሹራንስ በእኔ ሥራ ነበር። ባለቤቴ ለራሱ ነው የሚነዳው፤ ልጆቹ ሁለት ናቸው። ወደ ሁለት ቀን ስወርድ ከማርች ጀምሮ ተቋረጠ። በኔቫዳው የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ለአራታችን በወር 640 ዶላር መክፈል ጀመርን። ባለቤቴ አንድም ቀን "ምን ውስጥ አስገባሽን" አላለኝም። የመጀመሪያው ክፍያ የወጣ ዕለት ግን ፍሪጁ ላይ የለጠፍነውን የወጪ ወረቀት ረጅም ጊዜ ቆሞ ሲያየው ነበር።

ሰዓቱስ? ለተጫዋች ጥሩው ገንዘብ ያለው አርብና ቅዳሜ ሌሊት ነው። እንግዳው የሚመጣው፣ መጠጡም የሚበዛው ያኔ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ብትቀመጡ የምታገኙት እንደ እናንተው ለእንጀራ የመጡ ሰዎችን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ኳስ ሲጫወት እኔ መኪና ውስጥ ወንበሩን አጋድሜ እተኛለሁ። ይህ በየትኛውም ቪዲዮ ውስጥ የለም።

ውጤቴ ይኸው። ኤክሴሉ ላይ እንዳለ ነው የማስቀምጠው። ፌብሩዋሪ 131 ሰዓት፣ 2,140 ትርፍ። ማርች 118 ሰዓት፣ 1,865 ኪሳራ። ኤፕሪል 84 ሰዓት፣ 960 ትርፍ፤ ያን ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 20 ነበርና ሰሙነ ሕማማትን ጠረጴዛ አልቀረብኩም። ሜይ 127 ሰዓት፣ 1,610 ትርፍ። ጁን 140 ሰዓት፣ 2,955 ትርፍ። ጁን ጥሩ የሆነው በምክንያት ነው። የዓለም ፖከር ውድድር ከ2022 ጀምሮ በሆርስሹና በፓሪስ ሆቴሎች ነው የሚካሄደው። በዚያ ሰሞን ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው ከተማውን ይሞላዋል። ከውድድሩ የወደቀው በየፖከር ክፍሉ ተበትኖ ይቀመጣል።

ሲደመር 600 ሰዓት፣ 5,800 ዶላር። በሰዓት 9 ዶላር ከ67 ሳንቲም። ከዚህ ላይ የአራት ወር ኢንሹራንስ 2,560 ሲወጣ 3,240 ይቀራል። የትምህርቱ 1,800 ሲወጣ 1,440። በሰዓት 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም መሆኑ ነው፤ ታክሱ ገና ነው። ያንኑ 600 ሰዓት ካርታ ባድል 16,200 ዶላር አገኝ ነበር።

ለሚዛኑ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። 600 ሰዓት ለፖከር ትንሽ ነው። በጠረጴዛ ላይ በሰዓት 30 ጨዋታ ብንል 18,000 ጨዋታ ነው። በዚህ ልክ ዕድል ብቻውን 3,600 ዶላር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወስድ ይችላል። የእኔ እውነተኛ ችሎታ በሰዓት 4 ዶላርም ሊሆን ይችላል፣ 16ም። ኤክሴሉ ይህን ራሱ ያሰላል፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ማርች ላይ ያቆመኝም እሱ ነው። ያን ወር ሁለት ጊዜ ሁለት ኤስ ይዤ በሁለት ኪንግ ተበላሁ። ሁለት ኤስ ከመቶ 82 ጊዜ የሚያሸንፍበት ነው። ድሮ ቢሆን የማስመልስ መስሎኝ ከ1/3 ተነስቼ ወደ ትልቁ ጠረጴዛ እሄድ ነበር። አሁን ወደ ቤቴ ሄድኩ። ኤክሴሉን ሞላሁ፣ ኪሳራው የሚጠበቀው ልክ ውስጥ እንደሆነ አየሁ፣ ተኛሁ።

ሰባት ዓመት ሳድል ለማስመለስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከእኛም ሰዎች አይቻለሁ። ስትበሉ መነሳት የሚያቅታችሁ ከሆነ ይህን ትምህርት አትግዙ። ማንኛውንም የፖከር ትምህርት አትግዙ። መጀመሪያ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ከ64ቱ ቪዲዮ አንዱ ስለዚህ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ይገዛል ወይ? ሥራችሁን ለመልቀቅ መንገድ እየፈለጋችሁ ከሆነ አይገዛም። አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ሰዓት መዝግባችሁ ትርፋችሁን የምታውቁ ከሆነና የት እንደምትሳሳቱ የሚያሳያችሁ ሰው ከፈለጋችሁ፣ አሠልጣኙ ይጠቅማችኋል። ቪዲዮና ግሩፑ አያስፈልጋችሁም። ይህን ለመጻፍ ካነሳሱኝ ነገሮች አንዱም ይህ ነው፤ አሠልጣኙ ሰዓቱን ለብቻ ይሸጠው እንደሆነ እስክጠይቀው ድረስ አላወቅኩም ነበር። ድረ ገጹ ላይ አልተጻፈም። ይሸጣል፤ 150 ዶላር ነው።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ስድስቱ ወር ጁላይ መጨረሻ ላይ ሲያልቅ ሳይጠይቁኝ ለሰባተኛው ወር 300 ዶላር ከካርዴ ቆረጡ። ጻፍኩላቸው፤ በዘጠነኛው ቀን መለሱት። ስትመዘገቡ "በራሱ ይታደስ" የሚለውን ምልክት ቀድማችሁ አጥፉ።

ኦገስት ላይ ወደ አራት ቀን ሥራ ተመለስኩ። ኢንሹራንሱም ተመለሰ። ዕቁቡን እስከ መጨረሻው ዙር ከፍዬ ጨረስኩ። አሁን የምጫወተው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ ኤክሴሉ ላይ ከ"ካፒታል" ቀጥሎ ያለው "ዕዳ" የሚለው መስመር ዜሮ ይላል። አዲስ ዕቁብ ገብቻለሁ። የዘንድሮው ዕጣ በመጨረሻው ዙር እንዲሰጠኝ ዳኛውን ለመንኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ ደብተራቸው ላይ 20 ቁጥር አጠገብ ስሜን ጻፉት።

ከአሠልጣኙ ጋር በወር አንዴ እንገናኛለን። ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ።